ባትሪ ስል

በዊክ፣ በስኮትላንድ ጫፍ፣ ማዕበል ደጅ በሚመታበት፣
በታኅሣሥ ፀሐይ ዘጠኝ ተኩል ሳይሞላ በምትገባበት፣
በአንድ የአዛውንት ማደሪያ የሌሊት ተረኛ ነበርኩ፤
ሥራ በያዝኩ በሦስተኛው ቀን ከአንድ ቃል ጋር ተላተምኩ።

ነፋስ ምሰሶ ጣለ። መብራት ድርግም።
ከኮሪደሩ ማዶ የሞራግ ድምፅ መጣ፦
«ይሄይስ! ከመሳቢያው ቶርች ፈልገህ አምጣ!»

ቶርች?
እኔ የማውቀው ቶርች፣ በመዝገበ ቃላት፣
ሰባተኛ ክፍል ሳለሁ፣ ሽፋኑ በተላጠበት፣
ፍቺው አንድ ነበር፦ ችቦ።
በልጥ የሚታሰር፣ ደረቅ ጭራሮ ተሰብስቦ።
ታዲያ ምንጣፍ ባለበት፣ ኦክስጅን ባለበት፣
ሠላሳ ሽማግሌ በየአልጋው በተኛበት፣
ማን ነው ችቦ ለኩስ የሚል በእኩለ ሌሊት?

ሞራግ በዳበሳ መጣች፤ መሳቢያውን ሳበች፤
ጥቁር፣ ድቡልቡል፣ ስንዝር የሚያህል ነገር አወጣች፤
ቀጭ!
ግድግዳው ላይ ክብ ጨረቃ አንጠለጠለች።
«እሱማ ባትሪ ነው!» አልኩ፣ በአማርኛ፣ ለራሴ፤
ከችቦ እስከ ባትሪ ስትጓዝ ደክማለች ነፍሴ።

ኋላ ሳስበው፣ እነሱ የጠሩት በነበልባሉ ነው፣
ነበልባሉ ከሞተ ስንት ዘመኑ ነው!
እኛ የጠራነው በስንቁ፣ ሆዱ ውስጥ ባለው።
ስንቁን ደግሞ ዞረን ድንጋይ ያልነው እኛው ነን፤
«ድንጋዩ አለቀ» ስንል ማንም አይሥቅብን።

አጎቴ ጓንጉል ድሬሰር ነበር፤
ምጥ ጠናባት ሲሉት በሌሊት ተነሥቶ የሚወጣ፤
የደከመ ድንጋይ በጥርሱ ነክሶ ነፍስ የሚያመጣ፤
ቀን ቀን ቆርቆሮ ላይ ደርድሮ ፀሐይ የሚያሞቀው።
«በባትሪ ተፈልጎ የማይገኝ ሰው» ይሉት ነበር፤
ባትሪውን የያዘው ግን እሱ ነበር።
ይህን ሁሉ ዊክ ላይ ለማን ልተርከው?

ለራሴ ልግዛ ብዬ ሱቅ ገብቼ «ባትሪ» ስላት፣
ሻጯ አራት ድንጋይ ቆጥራ ሰጠችኝ፤
«የሚያበራው የታለ?» ስላት እንደ ሕፃን አየችኝ።

አሥራ አንድ ቁጥር ውስጥ አቶ ሲንክሌር ነበሩ፤
ዕድሜ ልካቸውን መረብ ሲጠግኑ የኖሩ፤
አሁን በተራቸው ቃል እንደ ዓሣ የሚያመልጣቸው፤
ዕቃውን እጃቸው ይዞት ስሙ የሚጠፋቸው።
«ያንን...» ይላሉ፣ በአውራ ጣታቸው አየሩን እየተጫኑ፤
«ያንን... የሚያይልኝን...»

አንድ ሌሊት መዳፋቸው ላይ አኑሬ «ባትሪ» አልኳቸው።
«ባትሪ» አሉ። እንደ ከረሜላ ከጉንጭ ጉንጭ አገላበጡት።
በማግሥቱም አልረሱት።
ሰማንያ ዘጠኝ ዓመት አብሯቸው የኖረው ቃል ወጥቶ፣
የእኔ ገባ፤ እንግዳ፣ ከነጫማው፣ ሳያንኳኳ መጥቶ።

ከዚያ የዕረፍት ቀኔ ሆነ።
«ባትሪ! ባትሪ!» ሲሉ አመሹ አሉ።
ተረኛዋ ካትሪና፣ ምስኪን፣ በራሷ ቋንቋ ሰማች፤
የጆሮ መስሚያቸውን ፈታ፣
ያለቀውን አውጥታ፣
ምስር የምታክል አዲስ ድንጋይ ከተተች፤
«ይኸው ባትሪዎ» ብላ፣ ብርድ ልብሱን አስተካክላ ወጣች።

ይህን ስሰማ ተናድጄ፣
ባትሪውን እያበራሁ ገባሁ፣ ይቅርታ በልቤ ይዤ።
እሳቸው በጨለማው ተቀምጠዋል፣ ፊታቸው ወደ መስኮቱ።
እጃቸውን አነሡ። ዝም በል።
ከመስተዋቱ ወዲያ ባሕሩ
ጠጠር ይስባል፤ ይመልሳል። ጠጠር ይስባል።
«ባትሪ» አሉኝ፣ ወደ ድምፁ እያመለከቱ።

አላረምኳቸውም።
የያዝኩትን አጥፍቼ
አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጥኩ።